አንድ ብርጭቆ ውሃ

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ፣ ቡና ላይ፣ አንድ ልጅ የልብ ወለድ ረቂቁን አነበበልን። ጠላፊው በሦስተኛው ገጽ ለልጅቷ ውሃ ይሰጣታል፤ በአራተኛው ወደደችው። አንዲት አድማጭ "ቀድሞ ውሃውን የከለከላትስ ማን ነው?" አለችው። ዝም አለ።

ነገሩ ያለው እዚያ ብርጭቆ ላይ ነው። መጀመሪያ መጠማቷ ይታይ። በሩን የሚቆልፈውና ውሃውን የሚያመጣው አንድ እጅ ይሁን። ኮቴውን ሰምታ የዕለቱን ፀባዩን ትለይ፤ ሳይመታት ሲወጣ "ዛሬስ ደግ ነው" ትበል። ይህን ዘልሎ "ፍቅር" የሚል ደራሲ (ብዙ ናቸው!) ለጠላፊው ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ነው የሚመስለኝ።

"ስቶክሆልም ሲንድረም" (ታጋች አጋቹን መውደዱና ለእሱ መወገኑ) ስሙን ያገኘበት የ1973 እ.ኤ.አ. የባንክ እገታ እንኳ ስድስት ቀን ፈጅቷል። በልጁ ረቂቅ ውስጥ ያለው ጠላፊ ግን አንድ ገጽ በቃው።