ሦስት ቀኔን የበላችው ኮማ

አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ይኼን አልጽፍም ነበር። ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፕሪንት (የመጻፊያው ትእዛዝ) ብላችሁ የፋይሉን ሃንድል (ፕሮግራሙ የከፈተውን ፋይል የሚጠራበትን መያዣ) ከጻፋችሁ በኋላ ኮማ አታድርጉ።

ሥራው ቀላል ነበር። ክሮን (ፕሮግራሞችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳ መሣሪያ) በየሌሊቱ የሚያስነሳው አሮጌ ስክሪፕት የየቅርንጫፉን ሽያጭ ደምሮ ፋይል ላይ ይጽፋል። ሃንድሎቹ በድሮው ዘዴ በትልልቅ ፊደል የተሰየሙ ነበሩ። ላዘምነው ብዬ በዶላር ምልክት በሚጀምር ቫሪያብል ቀየርኳቸው። ማንበቡም መደመሩም አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ የገዛ ጣቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ፓይዘን ስጽፍ ስለምውል ኮማ መሰካት ለምዶበታል። ከሃንድሉ ቀጥሎም ሰካ።

ጠዋት ስመጣ ፋይሉ አለ፤ መጠኑ ግን ዜሮ ባይት። ስህተት የሚያጋልጡት የፐርል መቆጣጠሪያዎች፣ ስትሪክትም ዋርኒንግስም፣ በርተዋል፣ ግን አንድም ማስጠንቀቂያ የለም። ፕሪንቱ ካልተሳካ በዳይ (ስህተቱን ተናግሮ ፕሮግራሙን በሚያቆመው ትእዛዝ) እንዲቆም አድርጌ ነበር፤ እሱም ዝም። ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል አልኩ። ፐርሚሽን (ፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ) ይሆናል አልኩ። ሰርቨር ክፍል ሄጄ ብጠይቅ «ከኛ በኩል ችግር የለም፣ ደብዳቤ ጻፍ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ግን በአንድ ኮሪደር ለሚሠራ ሰው ደብዳቤ ምን ይባላል? ጻፍኩ።

በሁለተኛው ቀን ስክሪፕቱን በእጄ አስነሳሁት። ሪፖርቱ ስክሪኑ ላይ ግር ብሎ ወጣ። «ይኸው ይሠራል!» አልኩ። በየመስመሩ ፊት «ግሎብ» የሚል ቃል አለ፤ አጠገቡ ቅንፍ ውስጥ የተዘበራረቀ ቁጥር። አየሁት። አለፍኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መልሱ ዓይኔ ሥር ተደርድሮ እኔ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮማው ካለ ፐርል ሃንድሉን እንደ መድረሻ አያየውም፤ እንደሚታተም ነገር ይቆጥረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሃንድሉን ራሱን (ያ «ግሎብ» እሱ ነው)፣ ቀጥሎ ጽሑፌን፣ ሁለቱንም ወደ ስታንዳርድ አውትፑት (በእጅ ሲነሳ ስክሪኑ) ይልካል። ክሮኑ ላይ ደግሞ ስታንዳርድ አውትፑቱን ወደ ደቭ ነል (የተጻፈበትን ሁሉ ውጦ ወደሚያጠፋው ፋይል) የጣልኩት እኔው ነኝ። እዚያ መጻፍ ሁሌም ስለሚሳካ ዳይ የሚነሳበት ምክንያት የለውም። የድሮው የትልልቅ ፊደል ስም ቢሆን ኖሮ ፐርል «ከሃንድል በኋላ ኮማ አይፈቀድም» ብሎ ገና ሳይነሳ ይቆም ነበር። ላዘምን ብዬ ዘበኛውን አባረርኩት።

በኋላ ሃንድሎቹን በየቅርንጫፉ ስም ሃሽ (እያንዳንዱን ነገር በስሙ የሚያስቀምጥ ማኅደር) ውስጥ ሳስቀምጥና ከዚያው እያወጣሁ ፕሪንት ስል ሌላ ጣጣ መጣ፤ ያኛው ግን ቢያንስ በሲንታክስ (በአጻጻፍ ሕግ) ስህተት ይጮኻል። መፍትሔው ሃንድሉን በጥምዝ ቅንፍ ማጠር ነው።

የፐርል ሰነድ ጥምዝ ቅንፍ የሚጠይቀው ሃንድሉ ከተራ ስም ወይም ከተራ ቫሪያብል ሲወሳሰብ ብቻ ነው። እኔ አልስማማም። ሁልጊዜ እጠሩት። ከዚያ በኋላ ኮማ ብትሰኩ ስክሪፕቱ ጭራሽ አይነሳም፤ ደግሞም የሚያነብላችሁ ሰው ጽሑፉ የት እንደሚሄድ ወዲያው ያያል። ተራ ቅንፍንም አትመኑ። ከፕሪንት ቀጥሎ 2 ሲደመር 3ን በቅንፍ ከትታችሁ ውጪ በ4 ብታባዙ የሚታተመው 20 ሳይሆን 5 ነው። እዚህ ላይ እንኳ ዋርኒንግስ ያስጠነቅቃል።

የደብዳቤዬ መልስ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ፣ ማኅተም ተመትቶበት። ዲስኩ በቂ ቦታ አለው ይላል።