እምቢ የሚል ቁልፍ የለውም

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት የኪራይ ውል ላሳትም ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ያሉት እናት የልጃቸውን የሥራ ማመልከቻ ያስጽፋሉ። ጸሐፊዋ ልጅ «ጉዳዩ፦» ብላ ሳትጨርስ ሰማያዊ ሳጥን መጥቶ ማመልከቻው ላይ ጉብ አለ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳ፣ ይታደስ ይላል። አባረረችው። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

«ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚጨቀጭቅሽ?» አሉ እናት።

«ልታደስ እያለ ነው፣ እማማ።»

«እምቢ በይው እንጂ!»

«እምቢ የሚል ቁልፍ የለውም።»

ጠጋ ብዬ አየሁ፤ እውነቷን ነው። አሁን፣ ሰዓት ምረጥ፣ በኋላ አስታውሰኝ። ሦስቱም ያው እሺ ናቸው፤ የሚለያዩት በቀጠሮው ብቻ ነው።

ማሳሰቢያው ከንቱ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ዓለምን ሲያምስ፣ መከላከያው ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ያላደሰው ተቃጠለ። ግን ይህን ሳጥን የሠራው ሰው ኢንተርኔት በጥቅል እንደሚገዛ የሰማ አይመስልም። ልጅቷ የምትሠራው ከስልኳ በምታጋራው ዳታ ነው፤ አንድ ትልቅ እድሳት ጥቅሉን ጠራርጎ ይበላዋል። ግንኙነቱ የሚቆጠር መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግር ማስተካከያ እዚያው ውስጥ አለ፤ አብዛኛውን በራሱ የማውረድ ሥራ ያስቆመዋል። ተደብቆ ነው እንጂ።

አሳየኋት። «ትልልቁን በሌሊት ጥቅል አውርጂው» አልኳት።

«መብራት ካደረ» አለችና ቀጣዩን ወረፋ ጠራች።