ላሜራ ብረት፣ 1 ፍሬ

«ላሜራ ብረት፣ ቅርጹ የተበላሸ፣ 1 ፍሬ።»

ይህችን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ግቢ ውስጥ፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሆኜም ፊቴን በእጄ የሚያስሸፍነኝ ግን ይሄኛው ነው።

ጊዜው 2000 ዓ.ም. አለፍ ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ቆሟል። ወደ ጅቡቲ በኩል ያለው ገና ትንፋሹ አልተቆረጠም፤ ሲቀናው ይሄዳል፣ ሳይቀናው ሰው ጣቢያ ላይ ሻንጣውን ተንተርሶ ያድራል። እኔ ንብረት ቆጠራ በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ ነበርኩ። የተማርኩት ሒሳብ ነው። ስለ ባቡር የማውቀው ለገሃር ታክሲ መያዝን ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የተሰጠኝ ሥራ ደግሞ ቀላል ይመስል ነበር፤ አሮጌው የጥገና ጋራዥ ውስጥ ያለውን ዕቃ እየዞርክ ቁጠር፣ «የሚያገለግል»፣ «የሚጠገን»፣ «የሚወገድ» ብለህ መድበው፣ ፈርመህ ላክ። «የሚወገድ» ያልኩት በዚያው ሳምንት ሚዛን ላይ ይወጣል። ጨረታውን ያሸነፈው ነጋዴ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ሰዎቹን ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ የኔን እስክሪፕቶ ይጠብቃል።

ጋራዡን ያየ ሰው ይገባዋል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ሐዲድ ውስጡ ድረስ የገባለት፣ ፈረንሳይኛ የተቀረጸባቸው ማሽኖች የተሰለፉበት፣ ወለሉ የመቶ ዓመት ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ አዳራሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በተሰበሩት መስኮቶች በሰያፍ ይገባና ቆመው የቀሩትን ፉርጎዎች ያነጣቸዋል። እኔ ግን ያኔ ውበት ማየት አልቻልኩም። ሙቀቱ አናቴን ይዞኛል፣ አለቃዬ ከአዲስ አበባ በቀን ሁለቴ «የት ደረስክ?» ይላል።

ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ። የሚያብረቀርቅ ብረት፣ የሚያገለግል። የዛገ ብረት፣ የሚወገድ። በዚህ ደንብ በሁለት ቀን ግማሹን ጋራዥ ጨረስኩ። በራሴ ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሠራተኞቹ «ሙሴ» ይሉታል። ስሙ አይደለም፤ የፈረንሳይ አለቆች «ሙሴ» ይባሉ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ፈረንሳይኛ እየቀላቀለ ስለሚያወራ ያወጡለት ነው። ጡረታ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል በር ላይ ነው። ዘበኛውም አይጠይቀው፣ እሱም ዘበኛውን አይጠይቅ። እኔ አክብሬ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ?» ስለው ሳቀብኝ። «አቦ አንቱታህን ለአዲስ አበባ መልስላቸው፣ እዚህ ሙቀቱ ይበቃናል።» ድሬ እንዲህ ናት። ከዚያ ወዲያ አንተ አልኩት፤ እዚህም አንተ እያልኩ ልቀጥል፣ አንቱ ብዬ ብጽፈው ይቀየመኛል።

«ጋባሪዬን አይተሃል?» አለኝ።

እኔ የሰማሁት «ገበሬዬን» የሚል ነው። እርሻ ያለው ሰው መስሎኝ ዛሬ ግቢው ውስጥ ገበሬ እንዳላየሁ በትሕትና ነገርኩት። ሙሴ ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ቶርኖው (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን) አጠገብ ወዳለው ግድግዳ ሄዶ ባዶ ሚስማር አሳየኝ። ሚስማሩ ዙሪያ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል፤ አንድ ነገር ለብዙ ዓመት የተንጠለጠለበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ነጩ ቅርጽ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነው፤ በአንድ በኩል ቀጥ ያለ፣ በሌላው በኩል ዘቅዘቅ ብሎ ወርዶ መጨረሻው ላይ እንደ ከንፈር የተቀለበሰ።

ያንን ቅርጽ አውቀዋለሁ። ከሚስማሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ላሜራ ብረት፣ ቅርጹ የተበላሸ።

በሩ ላይ ስንደርስ ኤንትሬው የለም። በማለዳ ጭኖ ወጥቷል። ነጋዴው ስልክ ላይ በጣም ጨዋ ነበር፤ «ወንድሜ፣ ከስንት ኩንታል ውስጥ ነው የምፈልግልህ?» አለኝ። ልክ ነው። ሙሴ ስልኩን ዘግቼ እስክጨርስ ጠበቀና፣ «የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮቻችን ሲፈርሱ ጋባሪው ከሚስማሩ አልወረደም» አለ። ሌላ አልጨመረም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋባሪ ማለት፣ ለካ፣ በፈረንሳይኛ የቅርጽ ልክ ማለት ኖሯል። የባቡር ጎማ (ጎማ እያልኩ የምጽፈው ያንን ከባድ የብረት ክብ ነው) ሲሄድ ይበላል። በቶርኖ ሲስተካከል ልክ መሆኑ የሚታወቀው ያ ላሜራ ጎማው ላይ ተደግፎ ሲገጥም ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ግን በሙሴ ማብራሪያ ሳይሆን በሻይ ብርጭቆ ነው።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሁለት የጠጣንባቸውን ብርጭቆዎች ወሰደ። አፍ ላፍ ገጠማቸውና በኤሌክትሪክ ናስትሮ አሰራቸው፤ መሐሉ ሰፊ፣ ጫፍና ጫፉ ጠባብ የሆነ ነገር ሆነ። ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ትይዩ አድርጎ ከጠረጴዛው ወደ ወንበሩ አዘቀዘቀና ብርጭቆዎቹን ለቀቃቸው። ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም እያሉ ራሳቸውን ወደ መሐል እየመለሱ ታች ደረሱ። ሆን ብሎ አጣሞ ለቀቃቸው፤ አሁንም ተመለሱ። ከዚያ ናስትሮውን ፈታና ቂጥ ለቂጥ አሰራቸው፣ መሐሉ ጠባብ ሆነ። ገና እንደለቀቃቸው እንጨቱን ስተው ወደቁ። አንዱ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።

«ባቡር መሪ የለውም፤ በሐዲዱ ላይ የሚይዘው የጎማው መዝመም ነው» አለ። «የጎማው ጠርዝ ላይ ያለው ከንፈር ደግሞ መዝመሙ ሲያቅተው ነው የሚይዘው። ከንፈሩ ከሳሳ ግን የሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ይወጣል። ከወጣ አለቀ።»

ከዚያ ስለ ጥር 5 ቀን 1977 ነገረኝ። አዋሽ አጠገብ ጠመዝማዛው ድልድይ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 ሰው በላይ ያለቀበት እሁድ። የዚያ ቀን ጥፋት የጎማ አልነበረም፣ የፍጥነት ነበር፤ ይህንን ሁለቴ ደገመልኝ፣ ጋራዡ እንዳይታማበት። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም «ትንሽ ነው፣ ይለፍ» ሲለው ጆሮው እንደማይሰማ ነገረኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የድሮውን ባቡር የሚናፍቅ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ነኝ። የለገሃርን ጣቢያ፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ፣ የንጉሡን ፉርጎ ፎቶ እያነሳን እንለጥፋለን። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር፣ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ኤረር እያልን ጣቢያ እንቆጥራለን። «ለገሃር» እና «ፉርጎ» ከፈረንሳይኛ መምጣታቸውን እየተነገርን እንገረማለን። ግን ያ ሁሉ የሄደው ማንም ፎቶ በማያነሳው ሚስማር ላይ በተንጠለጠለ ላሜራ ነው። ናፍቆታችን ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ያያል፤ የኔ ቆጠራም እንደዚያው ነበር።

ሙሴ ራሱ ግን ናፍቆት የሚባለውን አይወድም። በልጅነቱ የተቀጠረው የእንፋሎቱ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ ናፍጣው ሊተካው ሲገባ ነው። እንፋሎቱን «ያማረ» ስለው ፊቱን አጠቆረ፤ በበረሃ ውኃ እየለመነ የሚሄድ ማሽን ምኑ ያምራል አለኝ። እሱ የሚወደው ከተማዋን ነው። ባቡሩ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ከበደውና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ የሚባሉት ሰፈሮች በቀሉ። «እናታችን ባቡር ናት፣ አባታችንን አናውቀውም» ብሎ ይስቃል። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ 14 ዓመት ቆይቶ፣ በ1909 ነው፤ ሙሴ ይህን የሚናገረው ልክ እንደ ታላቅ ወንድም ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ጅቡቲ የሚሄድ አንድ ፉርጎ ጎማው ቶርኖ ላይ ተሰቅሎ ልክ እየጠበቀ ነው። ልኩን ደግሞ እኔ በኪሎ ሸጬዋለሁ። ሌላ የሚገኝ ከሆነ ብዬ ቢን ካርዱን (የመጋዘን ዕቃ መመዝገቢያውን) አገላበጥኩ፣ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ሳይቀር ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ መቼም ተገዝቶ አያውቅም። እዚያው ነው የተሠራው፤ ከማን እጅ ለማን እጅ እንደተላለፈ የሚናገር ወረቀት የለም።

«ያልተነካ ጎማ ካለ ቅርጹን ከእሱ እቀዳለሁ» አለ ሙሴ።

በኩራት መዝገቤን ገለጥኩ። «የሚያገለግል» ያልኳቸውን አራት ጥንድ ጎማዎች አሳየሁት፤ ፊታቸው እንደ መስታወት ያበራል። ሙሴ አልፏቸው ሄደ። ጥግ ላይ፣ ቆሻሻ ሸራ ሥር፣ ቀይ ዝገት የለበሰች ጥንድ አለች። «የሚወገድ» ብዬ በጠመኔ ኤክስ አድርጌባታለሁ፤ ከብዳቸው ነው እንጂ የነጋዴው ሰዎች ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ሙሴ ተንበርክኮ ዝገቱን በአውራ ጣቱ ጠረገው። ሥሩ የቶርኖው ስስ መስመሮች ገና አሉ።

«ምንድነው የሚያብረቀርቀው?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«የሮጠ ነው የሚያብረቀርቀው። ሐዲድ እየበላው ነው የሚያበራው። ያልሮጠ ይዝጋል። አንተ የደከመውን ጤነኛ፣ ጤነኛውን ሬሳ ብለኸዋል።»

ላሜራውን ከአሮጌ የማሽን ሽፋን ቆረጠ። ሁለት ቀን ሙሉ በሞረድ ሞረደው። እኔ ቆጠራዬን ትቼ ባትሪ ያዥ ሆንኩ፤ አለቃዬ ሲደውል «እየጨረስኩ ነው» እላለሁ። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈትናል። ሦስት ጊዜ ይሞርዳል፣ ጎማው ላይ ይደግፈዋል፣ እኔ ከኋላ ባትሪ አበራለሁ፣ እሱ ከፊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። በላሜራውና በጎማው መሐል ብርሃን ካለፈ ገና ነው። «ገና» ይላል። ይሞርዳል። «ገና።» ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ እሱ ጫቱን ጉንጩ ላይ አድርጎ ይሞርዳል፤ የሞረዱ ድምፅ ብቻ ነው ጋራዡ ውስጥ የሚሰማው።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ባትሪውን አበራሁ፣ ሙሴ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ። ምንም አላለም። እኔም ዞሬ አየሁ። ጨለማ ነው፤ እንደ ክር የምታክል ብርሃን እንኳ አታልፍም።

ከዚያ ላሜራውን ይዞ ወደ እኔዎቹ፣ ወደሚያብረቀርቁት ሄደ። «አብራ» አለኝ። አበራሁ። ብርሃኑ ከከንፈሩ ሥር ቦግ ብሎ ወጣ። ክብሪት አውጥቶ በክፍተቱ አሳለፈው፤ እንጨቱ ምንም ሳይነካው ወዲያ ወጣ። በመዝገቤ ላይ ከጎማዎቹ አጠገብ የጻፍኩት «በጣም ጥሩ» የሚል ነበር።

ሌሊቱን ሆቴሌ ውስጥ ዝርዝሩን ከአንድ እስከ መጨረሻው አፍርሼ ጻፍኩት። በማግስቱ ሙሴን ከጎኔ አስቀምጬ ዕቃ በዕቃ ጠየቅሁት፤ እንግዲህ ሥራው ሦስት ቀን ይፈጃል የተባለው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፣ የአበል ጣጣውም ሌላ ታሪክ ነው። አዲሱን ላሜራ እዚያው ሚስማር ላይ ሰቀልነው። ከነጩ ቅርጽ ጋር ልክ አልገጠመም፣ ሙሴ ጀርባውን ትንሽ ሰፋ አድርጎታል፤ «የኔን እጅ እንዲያውቁት» አለ። መዝገቡ ላይም አዲስ ቁጥር ሰጠሁት፦ «ጋባሪ፣ 1 ፍሬ፣ የሚያገለግል»። የዋጋ ዓምዱን ምን ልበል ብዬ ሙሴን ብጠይቀው ሻይ አዘዘልኝ። ባዶ ተውኩት።

አዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝ። ዝርዝሬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ሌላውን ተወው» አለኝ። «ይሄ እዚህ ጋ 1 ገበሬ ቆጥረሃል። ዋጋ ደግሞ አላስገባህለትም።»