ያቺው መኪና፣ ድሬ ሌላ ሐረር ሌላ

ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ9 ሰከንድ ትደርሳለች የተባለች ትንሽ ፈጣን መኪና ሐረር ላይ 11 ሰከንድ ቢፈጅባት ሞተሯ ደክሟል ማለት አይደለም። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር፣ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከ1,800 ታልፋላችሁ። ቱርቦ ያላት ከፍታውን ትቋቋማለች፤ እሷን የሚጎዳት የድሬ ቀትር ነው። አየሩ ሲግል ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ለኩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማርሹን ነው። ሁለተኛ ማርሽ 96 ላይ ካለቀ ሦስተኛ ማስገባት ግድ ነው፤ ፍሪሲዮን ረግጦ መቀየሩ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይበላል። ሁለተኛው 102 የሚደርስላት መኪና ይህን ታተርፋለች፣ ጉልበቷ ግን ከሌላዋ ላይበልጥ ይችላል።

የዳሽቦርዱ ቀስት አብልጦ ያሳያል፤ በጂፒኤስ ለኩ። ለዓይን የማይታይ 1 በመቶ ቁልቁለት እንኳ 0.3 ሰከንድ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ለትራፊክ ዝግ በሆነ ሜዳ ደርሶ መልስ ነድታችሁ አማካዩን ያዙ። 75 ኪሎ የሚመዝን ጓደኛም ይውረድ፤ ለ1,000 ኪሎ መኪና 7.5 በመቶ ጭነት ነው።