በመስታወት ጣሪያ ሥር የሰሜን ብርሃንን መጠበቅ

ፎቶውን ሳታዩት አልቀራችሁም። በረዶ መሃል ክብ የመስታወት ቤት፣ ውስጡ አልጋ፣ ከላይ ሰማዩን የሞላ አረንጓዴ ብርሃን፣ የሰሜን ብርሃን የሚባለው። እኔም የፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል ወደሆነችው ላፕላንድ ሄጄ እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ አድሬያለሁ፣ ብርሃኑንም አይቻለሁ። በዓይኔ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እሱን የሚበልጥብኝ የለም። ግን "ልሂድ ወይ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው አንድ ነው፦ መስታወት ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ብቻ እደር፣ የቀረውን ገንዘብ ተራ ማረፊያ ይዘህ ብዙ ሌሊት ለመቆየት አውለው።

ምክንያቱ ደመና ነው። ብርሃኑ የሚፈጠረው ከመሬት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከፀሐይ የሚነሡ ቅንጣቶች የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ያናውጡታል፣ በዚህ የተነሣ ፍጥነት ያገኙ ኤሌክትሮኖች ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ይወርዱና ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ይጋጫሉ። አረንጓዴው የኦክስጅን ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያው ኦክስጅን ቀይ ያበራል፣ ታችኛው ጠርዝ ላይ አልፎ አልፎ ብልጭ የሚለው ሮዝና ሐምራዊ ደግሞ የናይትሮጅን ነው። ደመናው ግን ያለው ገና ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከላይ የቱንም ያህል ቢያበራ ደመና ከሸፈነው አለቀ፣ ብዙ መቶ ዩሮ የከፈላችሁበት ጣሪያ የሚያሳያችሁ ግራጫ ብቻ ነው። ክፍሉ የሚያዘው ከወራት በፊት ነው፣ የዚያን ቀን ሰማይ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ደግሞ ማንም የለም። አራት አምስት ሌሊት ከቆያችሁ ግን ቢያንስ አንዱ ሊጠራላችሁ ይችላል።

ብዙ ሰው ስልኩ ላይ መተግበሪያ ጭኖ "ኬፒ" የሚባለውን ቁጥር ሲከታተል ይውላል። ቁጥሩ የመግነጢሳዊ መስኩን መናወጥ የሚለካ ነው፣ ከ0 እስከ 9 ይሄዳል፣ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ደቡብ እየሰፋ ይመጣል። በደቡብ ዳርቻ ባለችው ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላፕላንድ ግን ብርሃኑ በዋልታው ዙሪያ ዘወትር በሚሠራው ቀለበት ሥር ነው ያለችው፣ ቁጥሩ 1 ወይም 2 እንኳ ሆኖ ሰማዩ ከጠራ ይታያል። ስለዚህ እዚያ ስትሆኑ መከታተል ያለባችሁ የደመናውን ትንበያ ነው። ከቻላችሁም የላፕላንድ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሮቫኒዬሚ አልፋችሁ ወደ ሰሜን ግፉ። ሮቫኒዬሚ የአርክቲክ መስመር አጠገብ ናት፣ ሳሪሴልካና ኢናሪ ግን ከመስመሩ በደንብ ከፍ ብለው ነው የሚገኙት፣ ኢቫሎ አውሮፕላን ማረፊያም ቅርባቸው ነው።

ስለ ቤቱ ላውራ። የመስታወት ቤትን በዓለም ያስተዋወቀው ሳሪሴልካ አጠገብ ያለው ካክስላውታነን የሚባል ማረፊያ ነው። አሁን በመላው ላፕላንድ ብዙ ቦታ አለ። መስታወቱ ተራ መስታወት አይደለም። ድርብ ሆኖ በኤሌክትሪክ ይሞቃል፣ እንዲያ ባይሆን ውጭው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲገባ የራሳችሁ ትንፋሽ ውስጡን አመዳይ አድርጎ ያለብሰው ነበር። ቀለል ያለ በረዶ ሲጥል ሙቀቱ ያቀልጠዋል። አጥብቆ ሲጥል ግን ጊዜ ይወስዳል።

ስትይዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መስታወቱ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው? ብርሃኑ ደከም ባለበት ሌሊት ሰሜን አድማስ ላይ ዝቅ ብሎ እንደ ቅስት ስለሚተኛ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ክፍል ምንም አያሳያችሁም። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ ሲወጣ የሚቀሰቅስ ደወል አለ? ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ሌሊቱን ሙሉ አይጨፍርም። ፀጥ ብሎ ይቆይና ድንገት ይፈነዳል፣ ደማቁ ክፍል ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያለውን መብራት በሙሉ አጥፉ። የቴሌቪዥኗን ቀይ ነጥብ ሳይቀር። መስታወቱ ትንሿን ብርሃን ሁሉ ወደ እናንተ ይመልሳል፣ ዓይን ደግሞ ጨለማውን ለመልመድ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። መጀመሪያ የምታዩት ነጣ ያለ ጭረት ሊሆን ይችላል። ደመና ነው ብላችሁ አትተኙ! ደካማ ብርሃንን ዓይናችን ቀለሙን አይለይለትም፣ ስልካችሁን ወደሱ አዙራችሁ ለጥቂት ሰከንድ ብታነሡት ግን አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።

እኔ ያየሁት እንዲህ ነበር። ደወሉ ሲጮኽ ቅስቱ ከራሴ በላይ ደርሷል። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ንፋስ እንደገባበት መጋረጃም ይውለበለብ ጀመር፣ ጠርዙ ላይ ሮዝ ሲሮጥበት አየሁ። ብርድ ልብስ ለብሶ ጋደም ብሎ ይህን ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልክዳችሁ አልችልም። በተለይ ብርድ ለማይችሉ ትልልቅ ሰዎችና ለሕፃናት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ግን ብርሃኑ ከጣሪያው አልፎ ወደ ጫካው ሲወርድ መቀመጥ አቃተኝ። ቱታዬን አጥልቄ ወጣሁ። የመስታወቱ ማገር የለ፣ ነጸብራቅ የለ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ አንድ ሰማይ ነው። ቅዝቃዜው ፊት ይቆርጣል፣ የስልክ ባትሪም ወዲያው ይሞታል፣ ከውስጥ ኪሳችሁ አታውጡት። ቢሆንም ውጡ። እባካችሁ ውጡ።

ስለ ወቅቱ፦ የዚያን አገር በጋ፣ ማለትም ጁንና ጁላይን፣ እርሱት፣ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ሰማዩ አይጨልምም። ዲሴምበር ላይ ጨለማው ረጅም ነው፣ ደመናውም እንዲሁ። የኔ ምርጫ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ነው፣ ሰማዩ ይበልጥ ይጠራል፣ ቀኑም ረዝሞ በበረዶው ላይ መንሸራተት ይቻላል። ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑበት በማርችና በሴፕቴምበር አካባቢ ደግሞ የመግነጢሳዊ መስኩ መናወጥ እንደሚበረታ ከታወቀ ቆይቷል። ሴፕቴምበር ላይ ሐይቆቹ ገና ስላልረጉ ብርሃኑ ውኃው ላይም ይታያል። ናሳ በኦክቶበር 2024 ፀሐይ እንቅስቃሴዋ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት የ11 ዓመት ዑደቷ ጫፍ ላይ መድረሷን አስታውቆ ነበር፣ "እንግዲህ አለፈን" ያሉኝ ሰዎች አሉ። አላለፈንም። ዑደቱ ሲወርድም ላፕላንድ ላይ ብርሃኑ አይጠፋም፣ ከደቡብ አገሮች ነው የሚርቀው።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ ትልቅ ጥቅም አለው፣ አንዱ ሸለቆ ደመና ሲሆን ሌላው ሊጠራ ይችላልና። ቀስ ብላችሁ ንዱ ብቻ፣ አጋዘኖች ሌሊትም መንገዱ ላይ ይቆማሉ። ብርሃኑ ሲወጣም መሃል መንገድ ላይ እንዳትቆሙ፣ የመኪና ማቆሚያ ቦታ እስክታገኙ ንዱና የፊት መብራታችሁን አጥፉ።