ለየትኛውም ቪፒኤን የሚሆን የቤት ራውተር እንዴት እንደመረጥኩ

ሥራዬን የምሠራው አዲስ አበባ፣ ከቤቴ ሆኜ ነው። ከምሠራላቸው ድርጅቶች አንዱ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባኝ በቪፒኤን፣ ማለትም ዳታውን ቆልፎ ወደ ሌላ ሰርቨር በሚወስድ መስመር ነው፤ የሚጠቀመውም ዋየርጋርድ የሚባለውን ዓይነት ነው። ሌላው ኦፕንቪፒኤን ካልሆነ ወይ ፍንክች ይላል። ለቤቱ ደግሞ ከኪሴ የምከፍልበት ሌላ የቪፒኤን አገልግሎት አለኝ። ላፕቶፕ ላይ ሦስት አፕ ጭኖ አንዱን እያጠፉ ሌላውን ማብራት ያሰለቻል። ቲቪው ጭራሽ የቪፒኤን አፕ አይቀበልም። ስለዚህ ሁለቱን ድርጅቶች አስፈቅጄ ሸክሙን ሁሉ ራውተር ላይ ለመጣል ተነሳሁ።

ገበያ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ቆርጬ ነበር። ለአንድ የቪፒኤን ኩባንያ ብቻ የተሠራ ራውተር አልገዛም። የእነዚህ አገልግሎቶች ክፍያ በዶላር ነው፤ ዋጋቸውም ሆነ ጥራታቸው ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ራውተር ግን አንዴ ከተገዛ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ኩባንያውን ስቀይር ራውተሩንም መቀየር ካለብኝ ምኑን ገዛሁት?

«ከየትኛውም ቪፒኤን ጋር ይሠራል» የሚለው ነገር ሲፈተሽ በሁለት ክፍት ፕሮቶኮሎች (መሣሪያዎች የሚግባቡባቸው ደንቦች) ላይ ነው የሚያርፈው። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለው ኦፕንቪፒኤን ነው። ሌላው በ2020 የሊኑክስ ከርነል (የብዙ ራውተሮች ሥርዓት እምብርት) ውስጥ የገባው ዋየርጋርድ ነው። አንድ አገልግሎት ከሁለቱ ባንዱ የተዘጋጀ ፋይል ከሰጣችሁ፣ ራውተሩም ያንን ፋይል ከተቀበለ፣ ነገሩ አለቀ። ሙልቫድና ፕሮቶን የሚባሉት የቪፒኤን ኩባንያዎች የዋየርጋርድ ፋይል ከድረ ገጻቸው ላይ እንድታወርዱ ያደርጋሉ። ኤክስፕረስቪፒኤን ላይትዌይ የሚባል የራሱ ፕሮቶኮል አለው፤ ኖርድቪፒኤንም በዋየርጋርድ ላይ የተመሠረተ ኖርድሊንክስ አለው። እነዚህ በዋናነት በራሳቸው አፕ የሚሠሩ ናቸው። ለራውተር የሚሆን የኦፕንቪፒኤን ፋይል ግን ሁለቱም ይሰጣሉ። በተቃራኒው ሙልቫድ ኦፕንቪፒኤንን ሊያቆም መሆኑን በ2024 አስታውቋል። አንዱን ብቻ የሚችል ራውተር የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚችል እንጂ አንዱን የሚችል አልፈልግም አልኩ።

ፒፒቲፒ የሚባለውን አሮጌ የቪፒኤን ፕሮቶኮል ከሒሳብ አውጥቼዋለሁ። የይለፍ ቃሉን የሚጠብቅበት ዘዴ ሊሰበር እንደሚችል በ2012 በግልጽ ታይቷል። ዛሬም ካርቶን ላይ እንደ ቁም ነገር ተጽፎ ሲሸጥ ማየት ያሳዝነኛል።

መገናኛ አካባቢ ያሉ ሱቆችን ዞርኩ። አንዱ ጋ ገብቼ «ቪፒኤን ይሠራል?» አልኩት። «ይሠራል ወንድሜ፣ ተጽፏል እኮ፣ እየው» ብሎ ካርቶኑን አገላብጦ አሳየኝ። እውነትም ተጽፏል፤ ግን የተጻፈው «ቪፒኤን ፓስስሩ» ነው። ይህ ማለት ላፕቶፓችሁ ላይ የከፈታችሁትን ቪፒኤን አልከለክልም፣ አሳልፋለሁ ማለት ነው። ራውተሩ ራሱ አይገናኝም። ሌላ አወረደልኝ፤ እሱ ላይ «ቪፒኤን ሰርቨር» ይላል። ይኼኛው ደግሞ እኔ ውጭ ሆኜ ወደ ቤቴ ኔትወርክ እንድገባ ነው የሚረዳኝ። እኔ የምፈልገው «ቪፒኤን ክላየንት» የሚለውን፣ ራውተሩ ራሱ ከውጭው የቪፒኤን ሰርቨር ጋር የሚገናኝበትን ነው። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ራውተሩን ሰክቶ የቅንብር ገጹን በስልኩ ከፈተልኝ። ሜኑውን አብረን አየነው፤ ክላየንት የሚል የለም። አመሰገንኩትና ወጣሁ።

እነዚህን ሦስት ቃላት ለይቶ መያዝ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሻጩ «አለው» ሲላችሁ ሊዋሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል። ሦስቱም ቪፒኤን የሚል ቃል አለባቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮሰሰር ነው፤ ብዙ ሰው የሚናደደውም እዚህ ጋ ነው። የዋይፋዩ ፍጥነት ካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ቪፒኤን ግን እያንዳንዱን ዳታ መቆለፍና መክፈት ይጠይቃል፤ ያንን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ7 ነበረው። 750 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 128 ሜጋባይት ራም ያለው፣ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው የወደደው ራውተር ነው። ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ጭነን ሞከርነው። በዋየርጋርድ የቤቴን መስመር ያለ ችግር ተሸከመ። በኦፕንቪፒኤን ግን ከ20 ሜጋቢት በታች ቀረ፤ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሞልቶ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኦፕንቪፒኤን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከከርነሉ ውጭ ስለሆነ ዳታው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሥራውንም በፕሮሰሰሩ አንድ ክፍል (ኮር) ላይ ብቻ ነው የሚያከናውነው። የብዙ ርካሽ ራውተሮች ፕሮሰሰር ደግሞ ኤኢኤስ ለሚባለው ምስጠራ የተለየ እገዛ የለውም። ዋየርጋርድ ከርነሉ ውስጥ ይሠራል፤ የሚጠቀምበት ቻቻ20 የተባለ ምስጠራም ለደካማ ፕሮሰሰር ቀላል ነው። ስለዚህ ስለ ፍጥነት ስትጠይቁ «በኦፕንቪፒኤን ስንት? በዋየርጋርድ ስንት?» ብላችሁ ለያይታችሁ ጠይቁ። አምራቹ ሁለቱን ቁጥሮች ለይቶ ካልጻፈ እኔ እጠራጠራለሁ።

በመጨረሻ ሦስት መንገድ ቀረኝ። ማይክሮቲክ ከራውተር ኦኤስ 7 ጀምሮ ዋየርጋርድ አለው፤ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ግን ቅንብሩ ለኔትወርክ ባለሙያ የተሠራ ነው። እኔ ቤት በማልኖርበት ቀን እናቴ ምን ልትነካ ነው? የአሱስ ራውተሮችም ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ክላየንቱን አብረው ይዘው ይመጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ከበደኝ። የመረጥኩት ጂኤል-አይኔት የሚሠራውን ቤሪል ኤኤክስን ነው። ውስጡ ኦፕን ደብሊውአርቲ ነው። ባለ ሁለት ኮር 1.3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ራም አለው። አምራቹ በዋየርጋርድ እስከ 300፣ በኦፕንቪፒኤን እስከ 150 ሜጋቢት ብሎ ለይቶ ጽፏል። ከውጭ የሚመጣ ወዳጄ አመጣልኝ።

ቴሌ የሰጠንን ሞደም አልነካሁትም። ከሱ ላይ ኬብል አውጥቼ አዲሱ ራውተር ዋን ፖርት (ኢንተርኔት የሚገባበት ቀዳዳ) ላይ ሰካሁ። ሁለት ራውተር ተደራርቦ ቪፒኤኑ ይቸገር ይሆን ብላችሁ አታስቡ፤ ግንኙነቱ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ስለሆነ ችግር የለውም። የሁለቱ የውስጥ አድራሻ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ። የኔው 192.168.8.1 ስለሆነ አልተጋጨም።

የዋየርጋርድ ፋይል አጭር ናት፤ በኖትፓድ ትከፈታለች። የላይኛው ክፍል የእናንተ የግል ቁልፍ፣ አድራሻና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው) ነው። የታችኛው የሰርቨሩ ቁልፍ፣ የሰርቨሩ አድራሻና የፖርቱ ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ 51820። ፋይሏን በራውተሩ ገጽ ላይ ሰቀልኩ፤ «ጀምር» አልኩ፤ ተገናኘ። የግል ቁልፉ ያለባት ፋይል ግን የቤት ቁልፍ ማለት ናት። በቴሌግራም ለማንም አትላኳት።

መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ድረ ገጾች ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹ በግማሽ ይቆማሉ። ኤምቲዩ የሚባለውን፣ ባንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ መጠን የሚወስነውን ቁጥር ከ1420 ወደ 1380 ዝቅ ሳደርገው ተስተካከለ።

በደንብ ላስረዳ የምፈልገው ግን የመብራቱን ጉዳይ ነው፤ እኛ አገር መብራት ሄዶ ይመጣልና። ብዙ የቤት ራውተር ሰዓቱን የሚይዝበት ባትሪ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይነሳል፤ ከዚያ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ይጠይቃል። ዋየርጋርድ ደግሞ ግንኙነት ሲጀምር ሰዓት የተመዘገበበት መልእክት ይልካል። ሰርቨሩ ቀድሞ ካየው ሰዓት ወደ ኋላ የሆነ ከመጣበት ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ የድሮ መልእክት ቀድቶ የሚልክ አጭበርባሪን ለመከላከል ነው። በኦፕንቪፒኤንም ሰዓቱ በጣም ከተዛባ ሰርተፍኬቱ ገና ጊዜው ያልደረሰ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ኪል ስዊቹን ጨምሩበት፤ ቪፒኤኑ ከሌለ ምንም ነገር እንዳይወጣ የሚዘጋውን ማለቴ ነው። ሰዓቱ ካልተስተካከለ ቪፒኤን የለም፤ ቪፒኤን ከሌለ ሰዓቱ አይስተካከልም። ራውተሩ በርቶ፣ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ ኢንተርኔት የለም።

መፍትሔው የራውተሩን የራሱን የሰዓት ጥያቄ ከኪል ስዊቹ ነፃ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ውስጥ የሰርቨሩ አድራሻ በስም ተጽፎ ከሆነ በአይፒ ቁጥሩ ተኩት፤ ዲኤንኤስ ሳይነሳ ስሙን ሲፈልግ እንዳይቀር። ቁጥሩ ሊቀየር ስለሚችል አልፎ አልፎ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ነገር ዕቃው ራሱ ነው። ቤሪል የሚሠራው በ5 ቮልት፣ በዩኤስቢ-ሲ ስለሆነ ፓወር ባንክ ይበቃዋል። ሞደሙን በ12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ አደረግኩት። አሁን ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ። ራውተር ስትመርጡ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ እዩ፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላየሁም።

ሌላው የተማርኩት ሁሉንም ነገር በቪፒኤን ማሳለፍ እንደማያስፈልግ ነው። አንድ የባንክ አፕ አድራሻዬ የውጭ ሲመስለው አልከፍትም ይላል። ስለዚህ ራውተሩ በመሣሪያ እየለየ መላክ መቻል አለበት። የሥራ ላፕቶፔ በድርጅቱ መስመር ይሄዳል። ቲቪው በቤቱ ቪፒኤን ይሄዳል። የእናቴ ስልክ ቀጥታ ይወጣል። ይህ የሌለው ራውተር ሁለት ፕሮቶኮል ቢችልም ለእኔ አይሆንም።

ባለፈው የቤቱ አገልግሎት ክፍያ ሲያልቅ ሌላ ኩባንያ ያዝኩ። አዲሱን ፋይል ጫንኩ፤ አድራሻዬንና ዲኤንኤሱን የሚያሳይ ገጽ ከፍቼ ሁለቱም የአዲሱ ሰርቨር መሆናቸውን አረጋገጥኩ፤ አሮጌውን አጠፋሁ። ቲቪው ሳይጠፋ ነው ያለቀው።