ከሥልጠናው በኋላ ያለው ረቡዕ

የመምህራን ሥልጠናውን ዕቅድ ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጻፍኩት። መጀመሪያ ያወጣሁት እንደ ወትሮው የሁለት ቀን ፕሮግራም ነበር፤ መክፈቻ ንግግር፣ የንድፈ ሐሳብ ገለጻ፣ የቡድን ውይይት፣ የቡድን ሪፖርት፣ ማጠቃለያ፣ የምስክር ወረቀት። ይህን ዓይኔን ጨፍኜም ብሆን መጻፍ እችላለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ግን ከዚያ ጋር አይገናኝም። በግማሽ ቀን ይጀምርና በየሁለት ሳምንቱ እየተገናኘን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ይዘልቃል። እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ሳልረሳው ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት በሰጠሁት ሥልጠና ነው። ርዕሱ “አሳታፊ የማስተማር ዘዴ” ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ፣ 86 ስላይድ። መምህራኑ ጠየቁ፣ ተከራከሩ፣ ፍሊፕ ቻርት ላይ ጻፉ፣ ወጥተው አቀረቡ። መጨረሻ ላይ የሞሉት የግምገማ ቅጽ ከላይ እስከ ታች “በጣም ጥሩ” የሚል ነበር። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ትምህርት ቤት ስሄድ፣ በሥልጠናው ከሁሉም ይልቅ ትሳተፍ የነበረችው መምህርት ክፍሏ ገብቼ እንዳይ ፈቀደችልኝ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ብዙ ጥያቄ ጠየቀች፤ አብዛኛውንም ራሷ መለሰችው። ጥያቄው ከአፏ ሳይወጣ መልሱ ይከተለዋል። እጅ የሚያወጡት ከፊት የተቀመጡ አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በላስቲክ የታሰረ ጥቅል ወረቀት አየሁ። የቡድኗ ፍሊፕ ቻርት ነበር፤ ከጥቅሉ ጫፍ ላይ “አሳታ” የሚለው ፊደል ይነበባል። አቧራ ለብሷል።

እሷን ልወቅስ አልቻልኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ማሳተፍ ስነግራት አንድም ጊዜ ቆማ እንድትሞክረው አላደረግሁም። ክፍሏ ተመልሳ ስትሞክረውም አጠገቧ ማንም አልነበረም። ሥልጠናው የተዘጋጀው እኔ ለማውቀው ነገር እንጂ እሷ ረቡዕ ጠዋት ክፍል ገብታ ለምትሠራው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስለ መምህራን ሥልጠና የተጠናውን በቁም ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጽሑፍ የሥልጠናን ክፍሎች በአምስት ይዘረዝራሉ፦ ንድፈ ሐሳብ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ ልምምድ፣ ግብረ መልስ፣ ከዚያም መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ሲሞክረው አብሮ ሆኖ ማገዝ። የእኔ 86 ስላይድ በሙሉ የመጀመሪያው ላይ ነበር የቆመው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኩዋንግ ሱክ ዩን የመሩት ቡድን ከ1,300 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ መስፈርቱን ያሟሉ 9 ብቻ አገኘ። ከእነዚያም ውስጥ ከ14 ሰዓት ያልበለጠ ሥልጠና የሰጡት በተማሪዎች ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ሰዓት ብቻውን ምንም እንደማያደርግ አውቃለሁ፤ ባዶ ሥልጠና ቢረዝምም ያው ባዶ ነው። ነገር ግን በሁለት ቀን መቁረጥ የለመድነው ከምን የተነሣ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ፣ ከአዳራሹና ከአበሉ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

አሁን የተጠየቅኩትን ሥልጠና ከማቀዴ በፊት ክፍል ልግባ አልኩ። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ መምህራኑንም አንድ በአንድ ጠይቄ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ የሒሳብና የሳይንስ ክፍሎች ኋላ ተቀመጥኩ። የመቆጣጠሪያ ቅጽ አልያዝኩም። ደብተርና ሰዓት ብቻ። መምህሩ ጠይቆ እስኪያበቃና የመጀመሪያው ድምፅ እስኪሰማ ያለውን ጊዜ እለካ ነበር። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንዲሁ ስትለካ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አግኝታ ነበር። ያ ጊዜ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ “አላውቅም” የሚለው ይቀንሳል፣ እጅ አውጥተው የማያውቁ ልጆች መናገር ይጀምራሉ። ልጁ መልሶ ከጨረሰ በኋላ ያለው ዝምታም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ቶሎ “ጎበዝ” ብሎ ካልዘጋው ልጁ ራሱ ይቀጥላል። እኔ ያየኋቸው ክፍሎችም ያው አንድ ሰከንድ ነበሩ። አንዳንዱ ያንንም አይሞላም።

እናም አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ፤ መጠየቅና መጠበቅ። የምዘና ዘዴው፣ የክፍል አያያዙ፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያው ሁሉ ከዕቅዱ ወጣ። ይህን ማውጣት ከባድ ነበር። እያንዳንዱን ርዕስ ስሰርዝ መምህራኑን የማጎድላቸው ያህል ይሰማኝ ነበር።

ዓላማውን መጻፍ ደግሞ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። እጄ የለመደው “ሠልጣኞች ስለ ጥያቄ አጠያየቅ ግንዛቤ ይጨብጣሉ” የሚለውን ነው። ስንት ሰነድ ላይ ጽፌዋለሁ! ግንዛቤ መጨበጡን ግን በምን አያለሁ? ሰርዤ እንዲህ አልኩ፦ “በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ጥያቄ ጠይቆ ስም ከመጥራቱ በፊት ሦስት ሰከንድ ይጠብቃል።” ይህ አያምርም፤ ሪፖርት ላይም ጎልቶ አይታይም። ግን ክፍል ገብቼ ላየው እችላለሁ፤ መምህሩም ራሱ ማድረግ አለማድረጉን ያውቃል።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ከስድስት ፈቃደኛ መምህራን ጋር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሞከርኩት። ዕቅዴ ያልያዘውን ነገር ያየሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ባልደረቦቹን እንደ ተማሪ አስቀምጦ እያስተማረ ነበር። አስረዳ፣ ሰሌዳውን አሳየ፣ ዘወር አለና “ገባችሁ?” አለ። ከዚያ እንደተነገረው ጠበቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከጀርባው ጣቶቹን እያጠፈ ሲቆጥር አየሁት። ሁሉም በአንድ ድምፅ “አዎ!” አሉት።

የነገርኩትን በትክክል ፈጽሟል። ሦስት ሰከንዱም ከንቱ ሆነ። “ገባችሁ?” ለሚል ጥያቄ አንድ ደቂቃ ቢጠበቅ የሚመጣው ያው “አዎ” ነው። ዝምታው ዋጋ የሚኖረው ልጁ በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚያስበው ነገር ሲኖር ነው፤ እኔ ደግሞ የጊዜውን ነገር ይዤ የጥያቄውን ነገር ረስቼ ነበር።

ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት አንጋፋው መምህር፣ ጡረታቸው የቀረበው፣ ቀስ ብለው “ልጄ፣ እስቲ ጠመኔውን ስጪኝ” አሉኝ። ተነሥተው ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብለው ጻፉ።

“ይህን ስሕተት በየዓመቱ አየዋለሁ” አሉ። “ልጆቹ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ይደምራሉ። ስንት ዘመን ‘ልክ አይደለም፣ መጀመሪያ ታህቱን አመሳስል’ ስል ኖሬ፣ ልጁ ያመሳስላል፣ በሳምንቱ ይረሳል፣ እንደገና 2/5 ይላል። አሁን ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ።” ወደ ወጣቱ መምህር ዘወር አሉ። “2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?”

ክፍሉ ዝም አለ። ማንም ሰከንድ አልቆጠረም። እኔም ራሴ ውስጤ ማስላት ጀምሬ ነበር። 2/5 ከግማሽ ያንሳል። እና ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይሆናል?

“ልጁ ራሱ ይደነግጣል” አሉ ጋሼ። “ሲደነግጥ ተይው። አትንገሪው። እዚያች ላይ ነው መጠበቅ።”

የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚህ ዓይነቱ እውቀት “pedagogical content knowledge” የሚል ስም አውጥቶለታል። ሒሳቡን ማወቅ ለብቻው፣ ማስተማርን ማወቅም ለብቻው አይበቃም፤ ይህ ርዕስ ለልጅ ለምን እንደሚከብድ፣ ልጁ ምን ብሎ እንደሚሳሳት፣ በየት በኩል ቢጠየቅ እንደሚነቃ ማወቅ ራሱን የቻለ የመምህር እውቀት ነው። ይህንን ከብዙ ገጽ አንብቤዋለሁ። ጋሼ በአንድ ጠመኔ ሲያሳዩኝ ግን ዕቅዴ ውስጥ የት እንደጎደለ ገባኝ። እኚህ ሰው በዚያች ትምህርት ቤት ስንት ሥልጠና ወስደዋል? አንዱም ሥልጠና የሚያውቁትን ጠይቋቸው አያውቅም።

ስለዚህ አራተኛው ዕቅድ ተገለበጠ። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን በገለጻ አይጀምርም። እያንዳንዱ መምህር በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረውን ርዕስና ተማሪዎቹ ዘወትር የሚሳሳቱትን አንድ ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ የልጆች ደብተር ቢያመጣ ደግሞ የተሻለ ነው። የሒሳቡ ከሒሳቡ፣ የባዮሎጂው ከባዮሎጂው ጋር ይቀመጡና ያንን ስሕተት የሚያነቃ አንድ ጥያቄ ይሠራሉ። ከዚያ ቆመው ይለማመዱታል። ስለ ሮው ጥናት የምናገረው ከዚያ በኋላ ነው፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። የተረፈኝ ስላይድ አራት ነው።

ከዚያ ክፍል ገብተው ይሞክሩታል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንገናኛለን፤ ስድስት ጊዜ። በመሐል ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል። የሚያየው ሰው የሚጽፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጥያቄውን ቃል በቃል፣ ከጥያቄው በኋላ ደግሞ ማን ምን እንዳለ። ነጥብ የለም፣ “ጠንካራና ደካማ ጎን” የለም። ይህን አጥብቄ የያዝኩት፣ በቅጽ የተገመገመ መምህር በሚቀጥለው ጊዜ ለተመልካቹ ብሎ ያዘጋጀውን ትምህርት እንደሚያሳይ ስላየሁ ነው። ምልከታው ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይገባም ከርዕሰ መምህሩ ጋር በጽሑፍ ተስማምተናል።

ከርዕሰ መምህሩ ጋር የነበረው ንግግር ቀላል አልነበረም። “የሁለት ቀን ሥልጠና ጠይቀንሽ ሴሚስተር ሙሉ አደረግሽው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ተመራማሪው ቶማስ ጋስኪ የመምህራንን ሥልጠና ለመገምገም ካስቀመጣቸው አምስት ደረጃዎች ሦስተኛው የተቋሙ ድጋፍ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ እዘለው የነበረው ይህንን ነው። መምህሩ የባልደረባውን ክፍል እንዲያይ የማስተማሪያ ሰዓቱ ላይ ክፍተት ካልተገኘለት ምኞቴ ወረቀት ላይ ይቀራል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ይዘን ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ለአሥራ አራት መምህራን ክፍተት አገኘን፤ ለቀሩት አራቱ ግን አልተገኘም። እነዚያን አራቱን ምክትል ርዕሰ መምህሯ በየሁለት ሳምንቱ አንዳንድ ክፍለ ጊዜ ልትሸፍንላቸው ቃል ገባች። እኔ ካዘጋጀሁት ከማንኛውም ስላይድ ይልቅ ያቺ የእሷ ቃል ሥልጠናውን ታቆመዋለች ብዬ አምናለሁ።

ያው ጋስኪ እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፈው ሌላም ነገር አለ። መምህር መጀመሪያ አምኖ ከዚያ አይለወጥም፤ ይሞክረውና ተማሪዎቹ ላይ ለውጥ ሲያይ ነው የሚያምነው ይላል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ማሳመን ትቻለሁ። “ይህ አይሠራም፣ ክፍሌ ውስጥ ስድሳ ልጅ ነው ያለው” የሚለኝን መምህር አልከራከረውም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክርልኝና ልጆቹ ያሉትን ጽፈህ አምጣልኝ እለዋለሁ።

የግምገማ ቅጹን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ አዳራሹ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል የሚለውን ማወቅም ይጠቅማል። ዋናው መረጃዬ ግን መምህራኑ በየሁለት ሳምንቱ ይዘውት የሚመጡት ያ የልጆች መልስ የተጻፈበት ወረቀት ይሆናል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከመጨረሻው ጎን አስቀምጬ አነበዋለሁ።

ነገ ጠዋት ሠርቶ ማሳየቱን የምጀምረው እኔ ነኝ። የመምህራን ቡድን ፊት ሳይሆን እውነተኛ ክፍል ውስጥ፣ መምህራኑ ከኋላ ቆመው እያዩኝ። የማስተምረው ክፍልፋይ መደመር ነው፤ የጋሼን ጥያቄ እንድጠቀምበት ፈቅደውልኛል። ዛሬ ማታ ግድግዳው ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ ጮክ ብዬ ጠየቅኩት፤ “2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?” ብዬ ዝም ስል ሦስት ሰከንዱ ምን ያህል እንደሚረዝም ገረመኝ። ሁለተኛው ላይ አፌ ሊከፈት ይደርሳል። ጋሼ ጥግ ይዘው ሰዓታቸውን እያዩ ይቀመጣሉ፤ ስንት ሰከንድ እንደጠበቅኩ ጽፈው ሊሰጡኝ ተስማምተናል።